ከአንድ ግቢ የወጡ ሁለት ልጆች

አሜሪካ ሄጄ አላውቅም። መሄድም አምሮኝ አያውቅም። ይህን ስል ሰው ሁሉ ይስቅብኛል፤ «ቪዛው ቢመታልሽ እስከ ቦሌ በሩጫ ነበር» ይሉኛል። ይበሉ። እኔ አሜሪካን ለማየት አውሮፕላን አላስፈለገኝም፤ ካዛንቺስ፣ እኛ ግቢ ድረስ መጥታ አይቻታለሁ። አንዳንዴ በጆንያ፣ አንዳንዴ በዘይት ጣሳ፣ አንዳንዴም በደመወዝ ነበር የምትመጣው። አንድ ጊዜ ግን በመርዶ መጣች። ማውራት የፈለግኩት እሱን ነው።

ግቢያችን ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ከአንድ ቡና ቤት ጀርባ ነበር። በአንድ የቆርቆሮ አጥር ውስጥ ሁለት የቀበሌ ቤት፤ አንዱ የእኛ፣ አንዱ የእቴቴ። ቧንቧው አንድ፣ ሽንት ቤቱ አንድ፣ የልብስ ማስጫው ገመድ እንኳ አንድ ነው። እቴቴ የሥጋ ዘመዳችን አይደለችም። እሷ ከቡታጅራ በኩል የመጣች ሙስሊም ናት፤ እናትና አባቴ ደግሞ ከጎንደር የመጡ ኦርቶዶክስ። ግን እናቴ እኔን በወለደች ጊዜ ገንፎ አገንፍታ ያረሰቻት እቴቴ ናት። እኛ ልጆቹ የሰፈሩን ትልቅ ሰው ሁሉ «እርስዎ» ስንል እሷን ብቻ «አንቺ» እያልን ነው ያደግነው። ስንቀብጥ የምትቆነጥጠንም እሷ ነበረች፤ እማዬ ሆዷ አይጨክንም።

አባዬ ልብስ ሰፊ ነበር። የእቴቴ ባል ለገሃር ሳልባጅ ይሸጥ ነበር፤ እሱ ካረፈ በኋላ ሱቁን ወንድሟ ያዘው። ቦንዳው ከጅቡቲ መጥቶ ሲፈታ ሱሪውና ሹራቡ እዚያው ለገሃር ይቀራል። አባዬ ጋ የሚመጣው ማንም ደፍሮ የማይገዛው ነበር፤ የአሜሪካ ወታደር ጃኬት። ያንን ለብሶ መንገድ የወጣን ሰው ፖሊስ ያስወልቀዋል። ስለዚህ አባዬ ደረቱ ላይ የተሰፋውን የስም ጨርቅ በምላጭ ይተረትራል፣ ክንዱ ላይ ያለችውን ባንዲራ ያነሳል፣ ከዚያ እማዬ በበርሜል ጥቁር ቀለም ትነክረዋለች። ደርቆ ሲተኮስ የታክሲ ረዳቶች ይሻሙበታል፤ ብርድ የሚባል ነገር አያስገባም። እኔና ወንድሜ የእንግሊዝኛ ፊደል የቆጠርነው ከነዚያ የስም ጨርቆች ላይ ነው። የማን ስም እንደሆነ፣ ሰውየው ይኑር ይሙት፣ ብለን ጠይቀን አናውቅም። ለእኛ ጃኬት ጃኬት ነው።

አባዬ አሜሪካን ይወድ ነበር፤ ለምን ይዋሻል። «ሩሲያ ጠመንጃ ሰጠችን፣ እነሱ ስንዴ ሰጡን» ይል ነበር። የዘይቱ ጣሳ ላይ ከአሜሪካ ሕዝብ የተሰጠ ስጦታ መሆኑ ተጽፏል፤ እኛ ግን ከሱቅ ገዝተን ነው የምንበላው። ዘይቱ ሲያልቅ እማዬ ጣሳው ላይ ጤና አዳም ትተክልበታለች። ትንሽ ከፍ ስል «አባዬ፣ ስጦታ ከሆነ ለምን ገዛነው?» ብዬ ጠየቅኩት። «አንቺ ልጅ፣ ይቺ ምላስሽ» አለኝ።

ወንድሜና የእቴቴ ልጅ በአንድ ዓመት የተወለዱ ናቸው። አንድ ትምህርት ቤት ሄዱ፣ አንድ ላይ ማትሪክ ወደቁ፣ አንድ ላይ ቡልጋሪያ ሰፈር ጋራዥ ገብተው እጃቸው ግሪስ በግሪስ ሆነ። ሰፈሩ ሁለቱን ለያይቶ አይጠራቸውም ነበር። በኋላ የእቴቴ ልጅ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ አወጣና በአንድ ደላላ በኩል ኩዌት ሄደ። ወንድሜ ለደላላው የሚሆን ስላልነበረን ቀረ። ጓደኛው ከሄደ በኋላ ጋራዡም አላስቀምጠው አለ። ካዛንቺስ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የሰው መኪና ሲቆጥር ከረመና፣ አንድ ቀን ማንንም ሳያማክር ሄዶ ወታደር ተመዘገበ። አባዬ ያን ዕለት ማሽኑ ላይ ተቀምጦ አንዲት ስፌት ሳይሰፋ ዋለ።

ኩዌት ያለው ልጅ ለእናቱ ሳያሰልስ ይደውላል። ኢራቅ ውስጥ ጦርነቱ ከተጀመረ ወዲህ ደመወዙ ጨመረ። እቴቴ ደነገጠች፤ እሷ ከልጇ ደመወዝ ይልቅ የልጇን አመል ነው የምታውቀው። «ምን ጀምረህ ነው?» ስትለው «ምግብ ነው የምጭነው እማ፤ ፈረንጆቹ ለምግብ ጥሩ ይከፍላሉ» አላት። አልዋሸም። የሚጭነው ምግብ ነው፤ የሚያወርደው ግን ድንበር ተሻግሮ፣ በረሃ አቋርጦ፣ የአሜሪካ ጦር ሰፈር ውስጥ ነበር። ቆይቶ ይህንንም ነገራት። እቴቴ አንድ ቀን ልብስ እያሰጣች ለእናቴ ስታወራት ሰምቻለሁ። «ጥይት ቢሆን ይቅርብህ እለው ነበር» አለች። «ምግብ ማንን ይገድላል?»

በዘጠና ዘጠኝ፣ ታኅሣሥ ላይ፣ ጦራችን ሶማሊያ ገባ። ወንድሜም አብሮ ገባ። ቴሌቪዥኑ ስለ አገር ደህንነት ያወራል፤ ከግቢያችን ጀርባ ያለው ቡና ቤት ደግሞ «የአሜሪካንን ጦርነት ነው የምንዋጋላት» ይላል። የቱ እውነት እንደሆነ ዛሬም ጠንቅቄ አላውቅም፤ ምናልባት ሁለቱም። የራሳችን መንግሥት የራሱ ምክንያት ነበረው፣ ሕፃን አይደለሁም። ግን በዓይኔ ያየሁት ነገር አለና እሱን እናገራለሁ።

ያኔ እዚያው ካዛንቺስ አንድ ሆቴል ሪሴፕሽን ነበርኩ። ለስብሰባ ከሚመጡት እንግዶች መሃል ሌላ ዓይነት ፈረንጆች ብቅ ማለት ጀምረው ነበር። ፀጉራቸውን በአጭሩ የተላጩ፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ በሙሉ ልብስ ላይ የበረሃ ጫማ የሚያደርጉ። ሥራቸው ሲጠየቅ «ሎጂስቲክስ» ነው የሚሉት፤ ሁሉም። ትሑቶች ናቸው፣ ሐሰት አልናገርም። አንደኛው ሽበት የጀማመረው ሰውዬ ጠዋት ጠዋት ቡናውን ይዞ ዴስኬ ጋ ይቆምና የሴት ልጁን ፎቶ ያሳየኛል። የቤተ ዘመድ ወሬ እናወራለን ማለት ይቻላል።

ወንድሜ ድምፁ ከጠፋ ቆይቶ ነበር። አባዬ ሙሉ ልብስ ሰፍቶለት የሚያውቀው አንድ መኮንን ጋ ሄዶ ቢጠይቅ «ካልተነገራችሁ ደህና ነው ማለት ነው» ተብሎ ተመለሰ። እኔም አንድ ጠዋት ይሉኝታዬን ዋጥ አደረግኩና ያን ሰውዬ ለመንኩት። «ወንድሜ ሶማሊያ ነው። የጦር ክፍሉን ብነግርህ በሕይወት መኖሩን ታጣራልኛለህ?» አልኩት። ቡናውን አስቀመጠ። ፊቱ የእውነት አዘነ። «አዝናለሁ፤ የእኛ ሰው አይደለም» አለኝ። «የራሳችሁን ሰዎች ነው መጠየቅ ያለብሽ። እኛ የምናግዝ ብቻ ነን።» ከዚያ ሊያጽናናኝ ብሎ ይመስለኛል፣ «ልጆቻችሁ ግን ጎበዞች ናቸው፤ ሁሉም ይመሰክርላቸዋል» ብሎ ጨመረበት።

አሁን ሳስታውሰውም ያንገበግበኛል። በዚያው ሰሞን የአሜሪካ አውሮፕላን ደቡብ ሶማሊያን መደብደቡን በሬዲዮ ሰምተናል። የሚበሩት የነሱ፣ የሚራመዱት የእኛ ናቸው ማለት ነው። በእግሩ የሚሄደው ልጅ ሲጠፋ ግን የእኛ ሰው አይደለም። ይህን ሁሉ በልቤ አልኩ እንጂ አፌ «ሌላ ቡና ይጨመር?» ነው ያለው። የእንጀራ ነገር ነው፣ ምን ይደረግ።

እማዬ ከዚያ ወዲህ የግቢው በር በተንኳኳ ቁጥር የያዘችውን ትለቃለች። ስንቱ ብርጭቆ እንዳለቀ። ያቆመቻት እቴቴ ናት። ጎህ ሲቀድ ሱብሂ ሰግዳ እንዳበቃች እኛ ቤት ትመጣና «ዱዓ አድርጌለታለሁ፤ ከኔ ልጅ በፊት ነው ስሙን የጠራሁት» ትላታለች። እማዬም ቂርቆስ ሄዳ ሻማ ስታበራ ለሁለቱም ነበር የምታበራው። አንዷ ለአንዷ ልጅ ትለምናለች፤ ለራስ ከመለመን ይልቅ ይሰማል ብለው ይመስለኛል።

መርዶ በስልክ አይነገርም። የሚደውል ዘመድ ካለ «ትንሽ አሞታል» ይላል እንጂ «ሞተ» አይልም። እውነቱ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ፣ የዕድር ሽማግሌዎች ተሰባስበው፣ በር አንኳኩተው፣ ባለቤቱን አስቀምጠው ነው። ሰው እንቅልፉን ይተኛ፣ ብቻውን ሆኖ አይስማ፣ ሲሰማም ደግፎ የሚይዘው እጅ ይኑር ተብሎ ነው። እኛ ሰፈር በማለዳ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የቆሙ ሽማግሌዎች ከታዩ ምን መጣ ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም።

የእቴቴን ልጅ የቀጠረው የኩዌቱ ኩባንያ ይህንን ከየት ያውቃል። ልጁ ባስመዘገበው ስልክ፣ ለገሃር አጎቱ ሱቅ ደውለው፣ በዓረብኛ፣ መኪናው መንገድ ላይ ከነሹፌሩ መቃጠሉን ነገሩት። አዝነናል፣ ወረቀቱ ይላካል፣ አሉና ዘጉት። አጎትየው ሱቁን ቆልፎ ቀጥ ብሎ ወደ ዕድሩ ዳኛ ሄደ። ለማግስቱ ንጋት ተቀጣጠሩ። ለእኛ ቤት እንዳይነገር ተባለ። እማዬም ልጇ ጦር ሜዳ ያለ እናት ናት፣ ትደነግጣለች፣ ፊቷም ያሳብቃል፤ እቴቴ ሳትተኛ ታድራለች ብለው ነው። አርቀው ማሰባቸው ነበር። ግን ያ በር የሁለት ቤት በር መሆኑን ዘነጉት።

ውሃ በፈረቃ ስለነበር እማዬ ገና ሳይነጋ ነው የምትነሳው። ያን ዕለት ባልዲ ይዛ ወደ ቧንቧው ስትሄድ በሩ ተንኳኳ። እኔ ለሥራ እየለበስኩ ነበር፤ በመስኮት አየኋት። በሩን ከፈተችው። ዳኛው ከፊት፣ ሌሎቹ ከኋላ ቆመዋል፤ ነጠላው ተዘቅዝቋል፣ ሁሉም መሬት መሬት ያያል። እማዬ ባልዲውን ለቀቀችው። «ልጄን» አለች። ጭቃው ላይ ዘፍ አለች። ደረቷን መምታት ጀመረች። አባዬ በፒጃማው ወጥቶ ግድግዳውን ይዞ ቀረ። ወንድሜ ሞቷል፤ ለኔም አለቀ፣ ተነገረኝ።

ሽማግሌዎቹ ግራ ገባቸው። ዳኛው ጎንበስ ብሎ ሁለት እጇን ያዘና «እህቴ፣ ተይ፤ ያንቺ አይደለም» አላት። እየደጋገመ፣ «ያንቺ አይደለም፣ ያንቺ አይደለም።»

እማዬ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ተንበርክካ፣ እጆቿን ወደ ሰማይ ዘርግታ፣ ሰፈር እስኪሰማ «ተመስገን! ተመስገን አምላኬ፣ ተመስገን!» አለች። ያን ዓይነት ድምፅ ከእናቴ አፍ ወጥቶ ሰምቼ አላውቅም፤ ከዚያ ወዲህም አልሰማሁም።

የእቴቴ በር ተከፈተ። ለሶላት ተነስታ ውዱእ አድርጋ ነበር፤ ፊቷና ክንዷ ገና እርጥብ ነው። እናቴን አየች፣ ሽማግሌዎቹን አየች፣ ከሁሉም ኋላ አንገቱን የደፋውን ወንድሟን አየች። ግቢው ውስጥ ያለው ሁለት ቤት ነው። የአንዱ ካልሆነ የማን እንደሆነ ማንም መናገር አላስፈለገውም። የልጇን ሞት ያረዳቻት እናቴ ናት፤ ያውም እያመሰገነች።

እቴቴ አልጮኸችም። ቀስ ብላ ደጃፏ ላይ ተቀመጠችና «ምግብ ነበር እኮ የሚጭነው» አለች። ሽማግሌዎቹ ያኔ ሮጠው ያዟት።

ድንኳን ተተከለ። ሬሳ የሌለበት ለቅሶ ለማንም አያድርስ፤ የሚቀበር የለ፣ የሚሸኝ የለ፣ ሰው ዝም ብሎ ፎቶ ያያል። አጎትየው አስከሬኑን ለማስመጣት ያልደወለበት ቦታ የለም። ልጁን የቀጠረው ኩባንያ ለሌላ ኩባንያ የሚሠራ ነው፣ ያኛውም ለሌላ፣ የመጨረሻው ነው ለአሜሪካ ጦር የሚሠራው። አንዱ ወደ አንዱ ይመራዋል። ከመካከላቸው የእኛ ሰው ነበር የሚል አልተገኘም። እኔ ሆቴሉ ውስጥ የሰማሁት ያው ቃል ነው። አንዱ ልጅ እየተከፈለው፣ አንዱ ልጅ በአገሩ መለዮ፣ ሁለቱም ለዚያችው ለአሜሪካ ጉዳይ ነው የወጡት፤ ሁለቱንም አታውቃቸውም። አባዬ ከዚያ በኋላ ጃኬት አልተቀበለም። ያልተተረተረውን ክምር አስሮ ለገሃር መለሰ፤ ለምን ብሎ የጠየቀውም የለም።

በለቅሶው እማዬ ውሃ ትቀዳለች፣ ሳህን ታጥባለች፣ ወደ እቴቴ ግን ቀና ብላ አታይም። ወሬው ደግሞ ቡልጋሪያ ድረስ ደርሶ ነበር። በጎረቤቷ ሐዘን ተመስገን ያለችው ሴት እየተባለች ትነሳለች። ንስሐ አባቷ ጋ ሄዳ ነገረቻቸው። «እናት ነሽ፤ እሱ ይቅር ይልሻል» አሏት። ቤት መጥታ «እሱስ ይቅር ይበለኝ፤ እሷስ?» አለችኝ።

እቴቴ አልተጣላቻትም። እሱ ነው የከፋው። ሰላምታ አለ፣ ገመዱ ላይ የሷ ልብስ ሲደርቅ ለእኛ ቦታ ትለቃለች፣ ለበዓል እንኳን አደረሳችሁ ትላለች። ግን ሱብሂ ሰግዳ ወደ እኛ መምጣቷን ተወች። ደፋችንን አልረገጠችም። በመካከሉ ወንድሜ ደውሎ በሕይወት መኖሩን አወቅን፤ እማዬ ስልኩን ይዛ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ በእጇ አፏን ሸፍና ነበር ያናገረችው፤ በግድግዳው በኩል እንዳይሰማ። አንድ ቀን ሰለቸኝና «ለምን ሄደሽ ይቅርታ አትጠይቂያትም?» አልኳት። «ምን ብዬ?» አለችኝ። «ልጄ ስላልሞተ ይቅር በይኝ ልበላት?»

ጦሩ ከሶማሊያ ሲወጣ ወንድሜ መጣ። አንድ ጆሮው አይሰማም፤ ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ቅዳሜ ቀን ነበር። ጎረቤት እልል ሊል ሲል እማዬ በእጇ ከለከለች። በግ ተገዝቶ ነበር፤ አባዬ ቢላዋ መሳል ሲጀምር «ተወው» አለችውና እኔን ለገሃር ላከችኝ፣ የእቴቴን ወንድም እንድጠራ። መጥቶ ቢስሚላህ ብሎ አረደው። እኛ እስላም ያረደውን አንበላም፣ እነሱም የእኛን አይበሉም፤ በድግስ ቀን ሁለት ይታረዳል፣ ድስቱም ይለያል። እማዬ ሁለተኛ በግ አልገዛችም። ለልጇ መመለስ የታረደውን በሙሉ በትልቅ ሳፋ አድርጋ እቴቴ በር ላይ አስቀመጠች፤ አንኳኳችና ተመለሰች። ለወንድሜ ሽሮ ቀረበለት። ዙሪያውን ተቀምጠን መብላት ጀመርን።

እቴቴ ገባች። ወንድሜ ሊነሳ ሲል ትከሻውን ተጭና አስቀመጠችው። ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ አየችው። የማንን ፊት እንደምትፈልግ ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ እጇን ታጠበችና አጠገቡ ተቀመጠች።

«ሥጋው በርሽ ላይ ነው፤ ላንቺ ነው» አለች እማዬ፣ መሬት መሬት እያየች።

«አይቼዋለሁ። ብቻዬን ምን ላደርገው ነው? መስጊድ በር ላሉት ልኬዋለሁ።» ከሽሮው ቆርሳ ጎረሰች። አላምጣ ስትጨርስ «አንቺ ሴት» አለቻት። «ያን ዕለት ሽማግሌዎቹ የመጡት ወዳንቺ ሆኖ፣ ለኔ ያንቺ አይደለም ቢሉኝ፣ አልሐምዱሊላህ እል ነበር። ካንቺ በላይ ጮኼ።»

እማዬ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ማልቀስ ጀመረች። እቴቴ አላባበለቻትም። ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለችና ለወንድሜ አጎረሰችው። እስኪውጥ ጠብቃ ሌላ ጠቀለለች።

«ይኼ የወንድምህ ነው» አለችው።

ወንድሜ አፉን ከፈተ።